የረገበ ጠፍር፦ ሸክም በሰውነታችን ላይ ምን ይሠራል?



የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። በተለይ አባወራዎች፣ አማቶች፣ እና በቤታችሁ በቅርቡ የወለደች ሴት ያለች ሁሉ እስከ መጨረሻው እንድታነቡት እለምናለሁ።

ጥያቄው ይሄ ነው፦ ሰው ሲሸከም ሸክሙን የሚችለው ምኑ ነው? ብዙዎቻችን "ጀርባው" ወይም "ጉልበቱ" እንላለን። እውነቱ ግን ሸክም ከትከሻ እስከ ተረከዝ ያለውን አጥንት፣ ጅማት፣ ጡንቻ እና ዲስክ ሁሉ ይጫናል፣ ይስባል፣ ያጎብጣል። ከእነዚህ አንዳንዱ ሸክሙ ሲወርድ ወደ ቦታው ይመለሳል። አንዳንዱ ደግሞ አይመለስም። የትኛው እንደሚመለስ፣ የትኛው እንደማይመለስ እና ለምን እንደሆነ ማወቅ የአንዲትን እናት ቀሪ ዕድሜ ሊቀይር ይችላል።

ምንጩ ከታች፣ ቤቱ ከላይ

መካነ ሰላምን ለማታውቁ፦ በደቡብ ወሎ የቦረና ወረዳ ከተማ ናት፤ ከደሴ በስተ ደቡብ ምዕራብ ትገኛለች። ከተማዋ ደጋ ላይ ናት። በስተ ምዕራብ አገሩ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ይወርዳል። የደንቆሮ ደንም ከዚያው ብዙ አይርቅም። አገሩ ገደል እና ሜዳ የተቀላቀለበት ነው።

በእንዲህ ያለ አገር ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ከታች፣ ቤት ደግሞ ከላይ ነው። ስለዚህ ባዶው እንስራ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሙሉው ሽቅብ ይወጣል። "ውሃ ወረደች" የምንለው ለዚህ ነው። "ውሃ ወጣች" የሚል አልሰማሁም፤ ሥራው ያለው ግን መውጣቱ ላይ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ይመዝናል። በቀን ሁለት ጊዜ የምትቀዳ ሴት 40 ኪሎ ተሸከመች ማለት ነው። በዓመት ሲባዛ 14,600 ኪሎ፣ ማለትም 146 ኩንታል ይሆናል። ይህ ውሃው ብቻ ነው። እንጨቱ፣ ኩበቱ፣ ወፍጮ ቤት የሚሄደው እህል እና የታዘለው ልጅ አልተቆጠረም። 146 ኩንታል ጤፍ በሴት ጀርባ ዳገት ይውጣ ቢባል ማናችንም እሺ አንልም። ውሃ ሲሆን ግን በየቀኑ ስለሚከፋፈል አናየውም።

የጠፍር አልጋ ያስተማረኝ

ልጅ ሆኜ አጎቴ አልጋ ሲጠፍር አግዘው ነበር። ጥሬ ቆዳውን ውሃ ውስጥ ነክሮ ያርሰዋል፤ በቀጭኑ ይተለትለዋል፤ ከዚያ እርጥብ እንዳለ ከጠርዝ ጠርዝ እየሳበ ይጠፍረዋል። እኔ ጫፉን እይዛለሁ። ሲደርቅ ቆዳው ስለሚኮማተር አልጋው እንደ ከበሮ ይወጠራል።

ያ አልጋ መጀመሪያ ላይ ስትተኛበት ትንሽ ዝቅ ይልና ስትነሳ ወደ ቦታው ይመለሳል። ዓመታት ሲያልፉ ግን መሐሉ ይሰረጉዳል። ማንም አልዘለለበትም፣ ከባድ ነገርም አልወደቀበትም። በየሌሊቱ ያው ሰው ብቻ ነው የተኛበት። አንድ ቀን ሲታይ ግን ጠፍሩ ረግቧል፤ ሰው ተነስቶም ጉድጓዱ ይቀራል። አጎቴ ያኔ እንደገና ይወጥረዋል።

ሕክምና ስማር፣ የመጽሐፉን ከባድ ቃላት ሳነብ፣ ብዙውን በዚያ አልጋ ላይ አይቼው ነበር። ጠጣር ነገር ሁሉ ሲጫኑት ቅርጹን ይለውጣል። ብረትም፣ ድንጋይም፣ አጥንትም። ልዩነቱ መጠኑ እና መመለሱ ላይ ነው። አራት ነገሮችን ብቻ ያዙልኝ።

አንደኛ፣ ተስቦ የሚመለስ። የአይሱዙ መኪና ባሌስትራ ሸክም ሲጫንበት ይለጠጣል፤ ሲራገፍ ይመለሳል። ሮበርት ሁክ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው ሥራ፣ ሞላ እና ሽቦ የሚለጠጡት በተሰቀለባቸው ክብደት ልክ መሆኑን ገለጸ። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ልጠጣውም እጥፍ ይሆናል። ይህ ግን እስከ አንድ ወሰን ድረስ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ወሰኑን አልፎ የሚቀር። ሚስማር ትንሽ ስትገፉት ይመለሳል። አጥብቃችሁ ካጠፋችሁት ግን እንደታጠፈ ይቀራል። ከአቅሙ በላይ ደጋግሞ የተጫነ ባሌስትራም ባዶ ሆኖ እንኳ ጠፍጣፋ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ በትንሽ ክብደት በረጅም ጊዜ የሚረግብ። ይህ የጠፍር አልጋው ነው። የጣሪያ ወራጅም እንዲሁ ነው፤ ሲሠራ ቀጥ ብሎ የነበረው ባሕር ዛፍ ከዓመታት በኋላ መሐሉ ጎብጦ ታገኙታላችሁ። ክብደቱ አልጨመረም፤ የጨመረው ጊዜው ነው።

አራተኛ፣ በመደጋገም የሚሰበር። ሽቦ አንድ ጊዜ ብታጥፉት አይበጠስም። ወዲህ ወዲያ ሃያ ጊዜ ስታመላልሱት ግን ይበጠሳል። የሰበረው የመጨረሻው እጥፋት ሳይሆን ድምሩ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቁሶች ምን ያህል እንደሚገትሩ የሚለካበት ቁጥር እስከ ዛሬ በመሐንዲሶች ዘንድ የሚጠራው በቶማስ ያንግ ስም ነው። ቶማስ ያንግ (እ.ኤ.አ. 1773–1829) ግን መሐንዲስ አልነበረም፤ ለንደን ውስጥ በሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም ነበር። ሐሳቡን ያቀረበው በ1807 በታተሙት ትምህርቶቹ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሐኪም ስለ ብረት እና ስለ ጠፍር ማውራቱ አይግረማችሁ፤ የሙያ ቅድመ አያታችን የጀመረው ነው።

አጥንት፦ የሚያስብ ቁስ

ብረት ከአጥንት ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ይገትራል። አጥንት ግን ከብረት በጣም ቀላል ነው፤ ትንሽም ይለጠጣል። ርዝመቱ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ያህል ከተለጠጠ ግን ይሰበራል።

የሕፃን አጥንት ይለያል። እርጥብ ቅርንጫፍ ስታጥፉት በአንድ ወገን ተሰንጥቆ በሌላው ወገን እንደሚጎብጥ ሁሉ፣ የልጅ አጥንትም ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሳይሰበር ይጎብጣል። ስለዚህ የወደቀ ልጅ እጁ ስላልተንጠለጠለ "ደህና ነው" አትበሉ፤ ካበጠ እና ሲነካ ከጮኸ ይታይ።

አጥንትን ከብረት የሚለየው ዋናው ነገር ግን ሕያው መሆኑ ነው። ዩልዩስ ቮልፍ የተባለ ጀርመናዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አጥንት በሚጫንበት አቅጣጫ ራሱን እንደሚያጠናክር አስረዳ። የሚሠራ አጥንት ይወፍራል፤ ሥራ የፈታ አጥንት ይሳሳል። ጠፈርተኞች ክብደት በሌለበት ሲቆዩ በየወሩ ከአንዳንድ አጥንቶቻቸው ከመቶ አንድ እጅ ገደማ የሚያጡት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሸክም በጠቅላላው ጠላት ነው አላልኩም። የደጋ ሰው ዳገት መውጣቱ፣ ማረሱ፣ መራመዱ ለአጥንቱ መድኃኒት ነው። ጥያቄው ስንት፣ ለስንት ጊዜ እና በየትኛው ወቅት የሚለው ነው።

ጅማት፦ ድር ቢያብር

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚለውን ተረት ጅማት በተግባር ይኖረዋል። ጅማት ኮላጅን ከተባለ ፕሮቲን የተሠሩ እጅግ ቀጫጭን ክሮች ጥቅል ነው። ክሮቹ ሲያርፉ እንደ ተጠቀለለ ፀጉር ትንሽ ሞገድ አላቸው። ሲሳቡ መጀመሪያ ሞገዱ ይቃናል፤ ይህ ምንም ጉዳት የለውም። ርዝመቱ ከመቶ አራት እጅ ያህል እስኪጨምር ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ከዚያ ሲያልፍ ክሮቹ አንድ በአንድ መበጠስ ይጀምራሉ። ከመቶ ስምንት እስከ አሥር እጅ አካባቢ ሲደርስ ጅማቱ ራሱ ይበጠሳል።

በመሐል ያለው ክልል ነው አደገኛው። ሰውዬው አልወደቀም፣ "ጧ" የሚል ድምፅም አልተሰማም፤ ውስጥ ግን ጥቂት ክሮች ሄደዋል። ካረፈ ሰውነት ይጠግነዋል። ነገ በዚያው ላይ ከተጫነ ግን ያልተጠገነው ላይ አዲስ ይጨመራል።

ዲስክ፦ ማታ የምታጥሩት ለምንድን ነው?

ይህን ቤታችሁ ሞክሩት። ጠዋት ከአልጋ እንደተነሳችሁ ቁመታችሁን ግድግዳ ላይ ምልክት አድርጉ። ማታ ድገሙት። አንድ ሴንቲሜትር ገደማ አጥራችሁ ታገኙታላችሁ።

በጀርባ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች ውሃ እንደያዘ ስፖንጅ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሲጫኑ ውሃቸው ቀስ እያለ ይወጣል፤ ሌሊት ስንተኛ መልሰው ይጠጣሉ። ዲስክ የሚታደሰው ስንተኛ ነው ማለት ነው። ሌሊት አራት ሰዓት ተኝታ፣ ጎሕ ሳይቀድ ተነስታ ጎንበስ ብላ የምታዝል እናት ዲስኳ አልጠገበም።

ሸክም ከሰውነት በራቀ ቁጥር ደግሞ ታችኛው ጀርባ ላይ የሚያርፈው ጫና በእጥፍ ይበዛል። ወገብን አጉብጦ ከመሬት 20 ኪሎ ማንሳት ዲስኩ ላይ የሚያሳርፈው ከ20 ኪሎ ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ዝቅ በሉ፤ ዕቃውን ወደ ሆዳችሁ አስጠግታችሁ ተነሱ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ

በዳሌያችን ግርጌ፣ ከፊት አጥንት እስከ ጭራ አጥንት የተዘረጋ የጡንቻ እና የጅማት መረብ አለ። የዳሌ ወለል ይባላል። ፊኛ፣ ማህፀን እና የትልቁ አንጀት መጨረሻ በእሱ ላይ ተቀምጠዋል፤ ማህፀንን ደግሞ ከላይ እና ከጎን ጅማቶች ይዘውታል። በአጭሩ፣ የዳሌ ወለል የጠፍር አልጋ ነው።

በእርግዝና ጊዜ የሰውነት ቅመሞች እነዚህን ጅማቶች ለምጥ እንዲመቹ ያለሰልሷቸዋል። በምጥ ጊዜ የሕፃኑ ጭንቅላት ሲያልፍ፣ በኮምፒውተር የተሠሩ ስሌቶች እንደሚያሳዩት፣ ከጡንቻዎቹ አንዳንዱ ክፍል ከመጀመሪያ ርዝመቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይለጠጣል። አብዛኛው የሰውነታችን ጡንቻ ይህን ችሎ አይተርፍም። የፈጣሪ ሥራ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ተለጥጦ መመለስ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ከወሊድ በኋላ የመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ዋናዎቹ ናቸው፤ ሙሉ ማገገሙ ግን ወራት ይወስዳል። በእነዚያ ሳምንታት መረቡ እርጥብ ጠፍር ነው። በእርጥብነቱ ካረፈ ተወጥሮ ይደርቃል። በእርጥብነቱ 20 ኪሎ ዳገት ከወጣበት ግን ረግቦ ይደርቃል። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይባል የለ።

ሸክም ሆድ ውስጥ ያለውን ግፊት ይጨምራል፤ ግፊቱ ደግሞ ወደ ታች ይገፋል። የቆየ ሳል እና የሆድ ድርቀትም እንዲሁ ናቸው። ይህ ለዓመታት፣ ከወሊድ እስከ ወሊድ ሲደጋገም መረቡ ይሰረጉዳል። ከዚያ ማህፀን፣ ፊኛ ወይም አንጀት በብልት በኩል ወደ ታች ይወርዳል። የማህፀን መውጣት ወይም መውረድ የምንለው ይህ ነው። የወር አበባ ሲቆም ደግሞ ጅማቱን የሚያጠነክረው ሆርሞን ስለሚቀንስ ብዙዎች ላይ ያኔ ይብሳል።

ከፊስቱላ ጋር አታምታቱት። ፊስቱላ የሕፃኑ ጭንቅላት በረጅም ምጥ አንድ ቦታ ላይ ተጭኖ ሲቆይ፣ ደም የተከለከለው ሥጋ ሞቶ ቀዳዳ ሲፈጠር ነው። ሽንት ወይም ሰገራ ሳይቆም ይፈስሳል። የማህፀን መውጣት ግን ቀዳዳ ሳይሆን መርገብ ነው። ሁለቱም ግን ከአንድ ነገር ይወለዳሉ፤ ከጫና እና ከጊዜ።

አንዲት እናት

ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ወደ ሃምሳ የሚጠጉ እናት "ወገቤን ያመኛል" ብለው መጡ። ወንበሩ ላይ ሙሉ በሙሉ አልተቀመጡም፤ ጠርዙ ላይ፣ ወደ አንድ ጎን ጋደል ብለው ነበር። ስለ ወገባቸው ስጠይቅ ይመልሳሉ፤ ዓይናቸው ግን አብራቸው የመጣችው ምራታቸው ላይ ነው። ምራታቸውን ውጭ እንድትጠብቅ ጠየቅኳት።

"እናቴ፣ ከታች የሚያስቸግርዎት ነገር አለ?" አልኳቸው።

ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ "ልጄ፣ የሴት ሁሉ ዕጣ ነው ብዬ ነበር" አሉኝ።

"ስንት ጊዜ ሆነው?"

"ታናሹ ልጄ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።"

የመጨረሻውን ልጅ በወለዱ በሁለተኛው ሳምንት ውሃ ወርደዋል። ወቅቱ የአጨዳ ነበር፤ ባልየው ማሳ ላይ ናቸው፤ ትልቋ ልጅ ተድራ ሄዳለች። አንድ ቀን ዳገቱ መሐል ላይ "የሆነ ነገር ወረደ" አሉ። ቁጭ ብለው አረፉ። ከዚያ ጀሪካኑን አነሱና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአሥራ አንድ ዓመት ጨርቅ ታጥቀው፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ቆመው፣ ከባላቸው አልጋ ለይተው ኖረዋል። ባልየው "ጠልታኛለች" ብለው ያዝናሉ፤ እሳቸው ደግሞ ለማንም አይናገሩም።

ሪፈር ተጽፎላቸው ኦፕራሲዮን ተደረገላቸው። ደህና ናቸው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ቁጥሩ ነው። በሰሜን ጎንደር ዳባት ወረዳ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ በቃል ሲጠየቁ "አለብኝ" ካሉት ይልቅ ሲመረመሩ የተገኘባቸው ሴቶች እጅግ ብዙ እንደሆኑ አሳይቷል። አንዳንዷ ምልክቱ ስላልተሰማት ነው፤ አንዳንዷ ግን እንደኚህ እናት ደብቃው ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም።

ምልክቶቹ

✔ ከታች የመክበድ ወይም "የሆነ ነገር ሊወርድ ነው" የሚል ስሜት፤ ማታ ማታ ወይም ከሸክም በኋላ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚቀል
✔ በብልት በኩል የሚታይ ወይም በእጅ የሚነካ እብጠት
✔ ሲያስሉ፣ ሲስቁ ወይም ሲያነሱ ሽንት ማምለጥ፤ ወይም ሽንት አልጨርስ ማለት
✔ ሰገራ ለመውጣት መቸገር
✔ የማያቋርጥ የታችኛው ወገብ ሕመም
✔ በግንኙነት ጊዜ አለመመቸት

ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ፦ ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለ፤ የወጣው አካል ከቆሰለ፣ ከደማ ወይም መጥፎ ሽታ ካመጣ፤ ወጥቶ አልመለስ ካለ፤ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ደም ከታየ።

ሕክምናው

አብሽሪ እህቴ፣ መፍትሔ አለው።

1. ቀላል ከሆነ፣ የዳሌ ወለል ስፖርት። ሽንት እንደመያዝ አድርገሽ ከታች ያሉትን ጡንቻዎች ወደ ላይ ሳቢያቸው። ትንፋሽሽን አትያዢ፤ ሆድሽን እና መቀመጫሽን አታጥብቂ። እስከ አምስት ቆጥረሽ ልቀቂ፤ ያንኑ ያህል አርፈሽ ድገሚ። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ቡና ስታፈዪም፣ ልጅ ስታጠቢም ይሠራል፤ ማንም አያውቅብሽም። ለውጡ የሚታየው ወደ ሦስት ወር ከተሠራ በኋላ ስለሆነ በሳምንቱ ተስፋ አትቁረጪ። እየሸናሽ ግን አትለማመጂው።

2. ፔሳሪ። ከሲሊኮን የሚሠራ፣ ብዙ ጊዜ ቀለበት የሚመስል መደገፊያ ነው። ባለሙያ በልክሽ ያስገባዋል፤ በየጊዜው ይታያል፣ ይታጠባል። ኦፕራሲዮን ለማይፈልጉ ወይም ለማይችሉ ጥሩ አማራጭ ነው።

3. ኦፕራሲዮን። የረገበው እንደገና ይወጠራል። የማህፀን ሐኪም ባለበት ሆስፒታል ይሠራል። በአማራ ክልል የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ እንዲሁም በ1974 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታሉን ያቋቋሙት የሐምሊን ቤተሰብ ሥራ የሆነው የባሕር ዳር ፊስቱላ ማዕከል ይህን ችግር ከሚያክሙት መካከል ናቸው። መነሻው ግን ቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ነው፤ ሪፈር ከዚያ ይጻፋል።

አንድ አደራ፦ ቅጠል፣ ቅቤ፣ ጨርቅም ሆነ ሌላ ነገር ወደ ውስጥ አታስገቡ። ቁስለት እና ኢንፌክሽን ያመጣል።

እንዳይመጣ ምን እናድርግ?

ወግ እና ሃይማኖታችን እዚህ ላይ ከሕክምና ጋር አይጣሉም። በክርስቲያኑ ቤት ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ክርስትና እስኪነሳ አራስ ትጠበቃለች። በሙስሊሙ ቤትም የአርባ ቀን ወግ አለ። አባቶቻችን ስለ ኮላጅን ባያውቁም አራስ ማረፍ እንዳለባት ግን ያውቁ ነበር። ችግሩ ብዙ ቤት ውስጥ ገንፎው ሲቀጥል ዕረፍቱ መቅረቱ ነው።

• የመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት፦ አራስ ከሕፃኑ የሚከብድ ነገር አታንሳ። ውሃ፣ እንጨት፣ እህል በሌላ ሰው ወይም በአህያ ይምጣ። መንቀሳቀስ እና ቀስ ብሎ መራመድ ግን ጥሩ ነው፤ ተኝቶ መዋል አላልኩም።

• ሸክሙን ክፈሉት፦ ባለ 20 ሊትሩን በሁለት ባለ 10 ሊትር ቀይሩት። መንገዱ ይበዛል፤ በአንድ ጊዜ የሚያርፈው ጫና ግን በግማሽ ይቀንሳል። አህያ ካለ ለሴቲቱም ይጫንላት፤ አህያ የገበያ ቀን ብቻ የምትሠራ አይደለችም።

• በጤና ተቋም ውለዱ፦ የተራዘመ ምጥ መረቡን ይበጥሳል፣ ፊስቱላም ያመጣል። ከታች የተቀደደ ካለ በባለሙያ ይሰፋል።

• ልጆችን አራርቁ፦ መረቡ ሳይጠገን ሌላ እርግዝና ሲመጣ የተለጠጠው እንደተለጠጠ ይቀራል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን አማክሩ።

• ሳል እና የሆድ ድርቀትን አታስታምሙ፦ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ይመርመር። ጎመን፣ ጥራጥሬ፣ በቂ ውሃ ይወሰድ። በጭስ የተሞላ ማድ ቤት ሳል ያባብሳል፤ መስኮት ክፈቱለት።

• ትንንሽ ሴት ልጆችን አስቡ፦ የአሥር ዓመት ልጅ ሙሉ ጀሪካን ተሸክማ ዳገት መውጣቷ "ጎበዝ" የሚያስብል አይደለም። አጥንቷ ገና እርጥብ ቅርንጫፍ ነው።

ለአባወራዎች እና ለአማቶች

አንዳንዴ በምክር ጊዜ አንድ አባወራ "እናቴም ተሸክማ ነው ያሳደገችኝ፤ ምን ሆነች?" ይለኛል። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ጠይቀዋት ያውቃሉ?" ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። እናቶቻችን ምን እንደሆኑ አልነገሩንም፤ ስለዚህ ምንም ያልሆኑ መሰለን።

ብረት ሲረግብ ራሱን አይጠግንም፤ ጠፍርም ሰው እስኪወጥረው ይጠብቃል። የሰው ሰውነት ግን ጊዜ ከሰጣችሁት ራሱን ይጠግናል። ከብረት የሚበልጥበት ትልቁ ጸጋው ይህ ነው። የሚያስፈልገው ውድ መድኃኒት ሳይሆን ሸክም የሌለበት ስድስት ሳምንት ነው። ያን ጊዜ ለሚስትዎ፣ ለልጅዎ ወይም ለምራትዎ መስጠት የሚችሉት ደግሞ እኔ ሳልሆን እርስዎ ነዎት።

እናቶች፣ እህቶች፦ ከላይ ካሉት ምልክቶች አንዱ ካለባችሁ ዕጣችሁ አይደለም፤ ጥፋታችሁም አይደለም። ነገ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ "ከታች የሚወርድ ነገር አለ" ብላችሁ ተናገሩ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ትበቃለች፤ የቀረውን ባለሙያው ይጠይቃችኋል። ለወንድ ባለሙያ መናገር ከከበዳችሁ ሴት ባለሙያ ጠይቁ።

ስልክ የሌላት እናት ይህን ጽሑፍ አታነበውም። ስለዚህ ያነበባችሁ አንብቡላት፤ ቡና ሲፈላ፣ ወንዶቹ ወጣ ሲሉ። ለሌሎችም እንዲደርስ ሼር አድርጉት።